ለንደን ላይ ሰላማዊ ሰልፍ ልንወጣ ነው፤ አዲሶቹ ሕጎች ምን ይከለክላሉ፣ ምንስ አይከለክሉም?

ጠያቂ፦ ኪልበርን

ሰላም ለሁላችሁም። በመጪው ወር አንድ ቅዳሜ ፕሪንስስ ጌት ካለው ኤምባሲያችን ደጃፍ ተነስተን፣ በናይትስብሪጅና በፒካዲሊ አድርገን፣ ዳውኒንግ ስትሪት ፊት ለፊት የሚያበቃ ሰላማዊ ሰልፍ ለማድረግ አስበናል። ከ300 እስከ 400 ሰው እንጠብቃለን። እናቶችና ሕፃናት ይኖራሉ፤ የጥገኝነት ጥያቄያቸው ገና ያልተወሰነላቸው ወጣቶችም አሉ። ከበሮ፣ የእጅ ድምፅ ማጉያ፣ ባነርና ሰንደቅ ዓላማ እንይዛለን።

ኮሚቴው ለሁለት ተከፍሏል። አንዱ ወገን «በ2022 እና በ2023 የወጡት ሕጎች ጩኸትን ጭምር ወንጀል አድርገውታል፤ ፖሊስ ካልፈቀደልን አዳራሽ ተከራይተን እንሰብሰብ» ይላል። ሌላው «መብታችን ነው፤ ለማንም ምንም መናገር የለብንም» ባይ ነው። በዚህ ክርክር ቀኑ እየሄደብን ስለሆነ የምታውቁ ብትነግሩን። ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ? ከበሮና ማጉያው ያስጠይቀናል ወይ? ወረቀት የሌላቸው ልጆች ቢመጡ ጉዳያቸው ይበላሻል ወይ? ፖሊስ «አይሆንም» ቢለንስ ምን እናድርግ?

መልስ፦ ቴምዝ ዳር

ወንድሜ፣ ሁለቱም ወገኖች ግማሽ ግማሹን ስተዋል። እንግሊዝ አገር ሰልፍ ለመውጣት የፖሊስ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም። «ፈቅጃለሁ» የሚል ደብዳቤም አይጻፍላችሁም፤ ስለዚህ እሱን አትጠብቁ። ያለው የማሳወቅ ግዴታ ነው። እሱም የሚመለከተው ከቦታ ወደ ቦታ የሚሄደውን ሰልፍ ብቻ ነው። ኤምባሲው ፊት ለፊት ቆማችሁ ብትውሉ ባለማሳወቃችሁ የሚከሳችሁ የለም።

ይህ ግራ የሚያጋባን ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ልማድ ስላለ ነው። አዋጅ ቁጥር 3/1983ም ቢሆን የሚለው 48 ሰዓት አስቀድሞ በጽሑፍ ይታወቅ ነው። በተግባር ግን ማዘጋጃ ቤቱ ዝም ካለ ወይም «ጊዜው አይደለም» ካለ ሰልፉ ቀረ ማለት ነው። እዚህ ዝምታ ክልከላ አይደለም። ካሳወቃችሁና ፖሊስ መልስ ካልሰጠ ትወጣላችሁ።

የማሳወቁ ግዴታ ያለው በ1986ቱ ፐብሊክ ኦርደር አክት (የሕዝብ ሥርዓት ማስከበሪያ ሕግ) አንቀጽ 11 ውስጥ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው የእንግሊዝ ሕጎችና ቀኖች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ጽሑፉ መያዝ ያለበት ቀኑን፣ የሚነሳበትን ሰዓት፣ የሚሄድበትን መንገድ እና ከአዘጋጆቹ የአንዱን ሰው ስምና አድራሻ ብቻ ነው። የተናጋሪዎች ስም፣ የመፈክር ዝርዝር፣ የገንዘብ ምንጭ ሕጉ አይጠይቅም። የፖሊስ ቅጾች ከዚህ የበለጠ ይጠይቃሉ። የሰው ብዛትና የአስተናባሪ ቁጥር መስጠት ስለሚጠቅማችሁ ስጡ፤ የቀረውን ባዶ ብትተዉት ማሳወቂያው ሕጋዊነቱን አያጣም።

ሰው በብዛት የሚሳሳተው ቀኑን ሲቆጥር ነው። ሕጉ ቢያንስ 6 ሙሉ ቀን ይላል። ያስገባችሁበት ቀንም ሰልፉ የሚደረግበት ቀንም አይቆጠሩም። ሰልፉ ቅዳሜ 20 ከሆነ ከ14 እስከ 19 ያሉት ስድስቱ ሙሉ ቀናት ናቸው፤ ስለዚህ የመጨረሻው ማስገቢያ ቅዳሜ 13 ነው። እሑድ 14 ያስገባ ሰው ዘግይቷል። በድረ ገጽ ስታስገቡ የሚመጣውን የደረሰኝ ኢሜይል አስቀምጡ፣ ስክሪኑንም ፎቶ አንሱት። በፖስታ ከሆነ በሪከርድድ ዴሊቨሪ (ተቀባዩ ፈርሞ በሚረከበው ፖስታ) ይላክ፤ ስድስቱ ቀን የሚቆጠረውም ከደረሰበት እንጂ ከተላከበት ቀን አይደለም። ድንገተኛ ነገር ተፈጥሮ በነጋታው ለመውጣት ከተገደዳችሁ ደግሞ ሕጉ በር ትቶላችኋል፦ ስድስት ቀን መጠበቅ በማይቻልበት ጊዜ በተቻለ ፍጥነት በእጅ ማድረስ ይበቃል።

ሳያሳውቁ መቅረት የሚያስጠይቀው አዘጋጁን ነው፤ ቅጣቱም እስከ 1,000 ፓውንድ ነው። ባልታወቀ ሰልፍ ላይ መገኘት ብቻውን ተሳታፊውን ወንጀለኛ አያደርገውም። ይህን ለእናቶቻችን ንገሯቸው፤ ብዙዎቹ ከቤት የሚቀሩት በዚህ ፍርሃት ነው።

መንገዱን ስትጽፉ ጎዳናውን በስም በስሙ አስቀምጡ፦ ኬንሲንግተን ሮድ፣ ናይትስብሪጅ፣ ሃይድ ፓርክ ኮርነር፣ ፒካዲሊ፣ ከዚያ በትራፋልጋር አደባባይ ዳር ወደ ዋይትሆል። 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጋሪና ሽማግሌ ላለበት ሰልፍ ከአንድ ሰዓት ተኩል በታች አትያዙለት። በዕለቱ ከጻፋችሁት መንገድ ወይም ሰዓት ብትወጡ አዘጋጁ ሊጠየቅ ይችላል። ለውጡ ከአቅማችሁ በላይ በሆነ ምክንያት ወይም በፖሊስ ስምምነት ከሆነ ግን መከላከያ አላችሁ። ስለዚህ መኮንኑ «በዚህ በኩል ዙሩ» ሲላችሁ የትከሻውን ቁጥርና ሰዓቱን ወዲያው ስልካችሁ ላይ ጻፉ።

ስሙ የሚመዘገበው ሰው የመኖሪያ ፈቃዱ የጸና፣ አገር ቤት ባለው ቤተሰቡ በኩል ጫና የማይደርስበት ሰው ይሁን። ለጀግንነት ብሎ ስሙን የሚሰጥ ወጣት አትፈልጉ።

መልስ፦ ሐመልማል

የቴምዝ ዳር መልስ ትክክል ነው። እኔ ስለ ድምፁ ልጨምር፤ ብዙ ወሬ ያለው እዚያ ላይ ነውና።

ከጁን 28 ቀን 2022 ጀምሮ የጸናው ሕግ ጩኸትን ራሱን ወንጀል አላደረገም። ያደረገው ሌላ ነገር ነው። በስፍራው ያለው ከፍተኛ መኮንን፣ የሰልፉ ድምፅ በአካባቢው ያለን ድርጅት ሥራ በከባድ ሁኔታ ያስተጓጉላል ወይም በአቅራቢያው ባሉ ሰዎች ላይ ጉልህ ጫና ያሳድራል ብሎ በበቂ ምክንያት ካመነ፣ በሰልፉ ላይ ቅድመ ሁኔታ የመጣል ሥልጣን ሰጠው። ብቻውን በቆመ ሰው ላይ ሳይቀር። ቅድመ ሁኔታ እስካልተጣለ ድረስ ከበሮ ብትመቱ፣ እልል ብትሉ፣ ብትዘምሩ ወንጀል የለም።

ለእኛ ሰው የከበደው ለውጥ ግን ድምፁ አይደለም። ቀድሞ ቅድመ ሁኔታ ጥሰሃል ተብሎ የተከሰሰ ሰው፣ ቅድመ ሁኔታውን ያውቅ እንደነበር ዐቃቤ ሕግ ማስረዳት ነበረበት። አሁን «ማወቅ ነበረበት» ማለት ይበቃዋል። ፖሊሱ በእንግሊዝኛ በማጉያ ያውጃል፤ ከበሮው ይውጠዋል፤ ጋቢ ለብሰው ፊት ላይ የቆሙት እማማ ወረቀት ሲሰጣቸው አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ይከቱታል። ሕጉ እሳቸውንም «ማወቅ ነበረብዎት» ሊላቸው ይችላል። የተሳታፊ ቅጣት እስከ 2,500 ፓውንድ ነው፤ አዘጋጅ ግን እስርም ሊደርስበት ይችላል።

ስለዚህ ከአስተናባሪዎቻችሁ አንዱ ሌላ ሥራ አይኑረው፤ ፖሊሱ አጠገብ ብቻ ይቁም። ቅድመ ሁኔታ ሲነገር በስልኩ ይቅዳው፣ ማን እንደተናገረው፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው አንቀጽ እንደሆነ ይያዝ። ለሚሄደው ሰልፍ አንቀጽ 12 ነው፤ ለቆመው ደግሞ አንቀጽ 14። ወዲያው ከበሮው ይቁምና በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በኦሮምኛ ይነገር። ይህን አስቀድማችሁ ተለማመዱት፤ እጅ ሲነሳ ከበሮው ዝም ይላል። ለ400 ሰው ከ12 እስከ 16 አስተናባሪ ያዙ፤ በደማቅ ሰደርያ ሆነው ግማሾቹ በሰልፉ ጎን፣ ሁለት ሦስቱ ከኋላ ይሁኑ። ከኋላ ሰው ሲቀርና ሰልፉ ሲበጠስ የመኪና መንገድ መዝጋት የሚባለው ክስ ይመጣል።

ማጉያው ላይ ግን ሌላ ሕግ አለ፤ በጣም ተጠንቀቁ። በፓርላማ አደባባይና በዙሪያው፣ በ2011ዱ ሕግ መሠረት፣ ያለ ፈቃድ ማንኛውንም የድምፅ ማጉያ መጠቀም አይቻልም፤ የእጅ ማጉያም በስም ተጠቅሷል። ድንኳንና የመኝታ ዕቃም እንዲሁ። የ2022ቱ ሕግ ይህን ክልል አስፍቶ ፓርላመንት ስትሪትን ጨመረበት። ከዳውኒንግ ስትሪት በር ወደ ቢግ ቤን ስትወርዱ ያው የምትሄዱበት ዋይትሆል ስሙ ተቀይሮ ፓርላመንት ስትሪት ይሆናል። መንገዱ ላይ የሚታይ መስመር የለም። ማጉያ የያዘው ሰው ስሜት ወስዶት ትንሽ ወደ ታች ቢወርድ፣ ፖሊስ «አቁም» ካለው በኋላ መቀጠሉ ወንጀል ነው፤ ማጉያውም ይወሰዳል። ስለዚህ ሰልፉ የሚያበቃበትን ቦታ ከዳውኒንግ ስትሪት ትይዩ ባለው በሪችመንድ ቴራስ በኩል አድርጉና ከዚያ ወደ ታች አንድ አስተናባሪ አቁሙ። ከበሮ በኤሌክትሪክ የሚጎላ ስላልሆነ በዚያኛው ሕግ አይያዝም። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።

ትራፋልጋርን በመንገዱ ዳር ማለፍ ምንም አይጠይቅም። አደባባዩ ውስጥ ገብቶ ንግግር ማድረግ ወይም ማጉያ መትከል ግን የታላቋ ለንደን አስተዳደር ፈቃድ ይፈልጋል፤ የአደጋ ግምገማና መድን ይጠይቃሉ። ሳምንታት ይወስዳል። ለአሁኑ ሰልፍ ተዉት።

መልስ፦ ቀበና ልጅ

ስለ ወረቀት የሌላቸው ልጆች የተጠየቀው ሳይመለስ አልፏል።

የመሰብሰብና ሐሳብን የመግለጽ መብት በአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ስምምነት አንቀጽ 10 እና 11 ላይ ያለ ሲሆን፣ በ1998ቱ የሰብአዊ መብቶች ሕግ አማካይነት እዚህ አገር ፍርድ ቤት ይከበራል። መብቱ የዜጋ ብቻ አይደለም። ጥገኝነት ጠያቂ ሰልፍ ላይ መገኘቱ ጉዳዩን አያበላሽም። የሚያበላሸው የጥፋተኝነት ፍርድ ወይም «ኮሽን» የሚባለው የፖሊስ ማስጠንቀቂያ ነው። ጣቢያ ውስጥ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ፣ ደክሞት፣ «ይህን ፈርመህ አሁኑኑ ቤትህ ትሄዳለህ» የተባለ ልጅ ይፈርማል። ያ ፊርማ ጥፋትን ማመን ነው። ዓመታት ቆይቶ ዜግነት ሲጠይቅ ቅጹ ላይ ይጠየቃል፤ መልካም ጠባይ የሚባለው መስፈርትም በእሱ ይመዘናል። ጠበቃ ሳያዩ ኮሽን መቀበል የለም። ይህችን አንዷን ነገር ብቻ ቢይዙ ይበቃል።

እነዚህን ልጆች ከሰልፉ አታስቀሯቸው፤ አታስፈሯቸውም። የሥራ ድርሻ ስትሰጡ ግን አስቡበት። አዘጋጅ፣ የማጉያ ያዥ፣ የመኪና ሹፌር፣ ከፖሊስ ጋር ተነጋጋሪ አይሁኑ። መሐል ላይ፣ ከቤተሰቦች ጋር ይሁኑ።

መንገድ ላይ ፖሊስ ቢያስቆማቸው እንግሊዝ አገር መታወቂያ ይዞ የመዞር ግዴታ እንደሌለ ይወቁ። ሲፈተሹም ስምና አድራሻ መናገር አይገደዱም። ከዚህ የሚለዩት መኪና የያዘ ሰውና ሥርዓት አልባ ጠባይ አሳይተሃል ተብሎ የተጠረጠረ ሰው ናቸው፤ ሁለተኛው በ2002ቱ ፖሊስ ሪፎርም አክት አንቀጽ 50 ነው። ስለዚህ «በየትኛው ሕግ ነው የምትጠይቀኝ?» ብሎ መጠየቅን ይልመዱ። የ2023ቱ ፐብሊክ ኦርደር አክት ደግሞ አንድ ኢንስፔክተር ለአንድ አካባቢ ለ24 ሰዓት የሚጸና ትእዛዝ ከሰጠ፣ ፖሊስ ያለ ጥርጣሬ ሰውን እንዲፈትሽ አስችሏል። ፍተሻውን በአካል መቃወም ወንጀል ስለሆነ አይታገሉ። ሕጉን ይጠይቁ፣ የፍተሻውን ወረቀት ይጠይቁ፣ ዝም ይበሉ።

በዚያው ሕግ ራስን ከሰው፣ ከዕቃ ወይም ከመሬት ጋር ማሰር ወንጀል ሆኗል፤ ለዚያ የሚሆን ዕቃ በዚያ ሐሳብ መያዝም እንዲሁ። ሕጉ በጸደቀ በአራተኛው ቀን፣ ሜይ 6 ቀን 2023 በንጉሡ የዘውድ በዓል ዕለት፣ ሪፐብሊክ የተባለው የዘውድ ተቃዋሚዎች ድርጅት ስድስት ሰዎች ትራፋልጋር አካባቢ መፈክሮቻቸውን ከመኪና ሲያወርዱ ተያዙ። የተገኘባቸው መፈክሮቹ የታሰሩበት የሻንጣ ማሰሪያ ነበር። ከፖሊስ ጋር ለወራት ሲነጋገሩ የቆዩ ሰዎች ናቸው። ያለ ክስ ተለቀቁ፣ ፖሊስም ማዘኑን ገለጸ፤ ሰልፉ ግን አምልጧቸዋል። ከዚህ የምንወስደው፦ ባነር በገመድ፣ በፕላስቲክ ማሰሪያ፣ በሰንሰለት ታስሮ አይምጣ። በጨርቅ ከረጢት ይምጣ። መያዣው የካርቶን ቱቦ ይሁን። ዕቃ የጫነው መኪና ውስጥ የማሳወቂያው ኮፒና የኪራይ ደረሰኝ ይቀመጥ። የመኪናውን ታርጋ አስቀድማችሁ ለፖሊስ ስጡ።

ለእያንዳንዱ ሰው የመዳፍ ስፋት ያላት ካርድ አትሙ፤ በአንድ ፊት አማርኛ፣ በሌላው እንግሊዝኛ። የሰልፍ ጉዳይ የሚይዝ የጠበቃ ቢሮ ስምና የ24 ሰዓት ስልክ ይኑርባት። ቢሮውን ከሰልፉ ሳምንት በፊት ደውላችሁ «በዕለቱ ሰው አላችሁ?» ብላችሁ አረጋግጡ። ቁጥሩን በእስክሪብቶ ክንድ ላይ መጻፍም አለበት፤ ስልክም ካርድም መጀመሪያ የሚወሰዱ ናቸው። ካርዷ ላይ የሚጻፈው አጭር ነው፦ ጠበቃ እፈልጋለሁ፤ ጠበቃ በጣቢያ ነፃ ነው። የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ፤ እሱም ነፃ ነው። መታሰሬን ለዚህ ሰው ንገሩልኝ። ጠበቃ ሳላገኝ ጥያቄ አልመልስም። እንግሊዝኛ እችላለሁ የሚሉትም አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ የጣቢያ እንግሊዝኛ የሥራ ቦታ እንግሊዝኛ አይደለም።

ቀላል ሰማያዊ ሰደርያ የለበሱ፣ ፈገግ እያሉ የሚያወሩ ፖሊሶች ይመጣሉ። አገናኝ መኮንን ይባላሉ። ሥራቸው መነጋገር ነው፤ መረጃ መሰብሰብም ነው። በትሕትና ሰላም በሏቸው፤ «አዘጋጁ ማነው፣ የት ነው የምትኖሩት፣ ቀጥሎ መቼ ነው?» ሲሉ ወደ ተመደበው ተነጋጋሪ ይምሯቸው።

ፊት መሸፈንን በተመለከተ፣ አገር ቤት ባለ ቤተሰባቸው ምክንያት መታየት የማይፈልጉ ሰዎች እንዳሉ እናውቃለን። ፖሊስ ትእዛዝ በወጣበት አካባቢ ጭምብል አውልቁ የማለት ሥልጣን ከቀድሞም አለው። በፌብሩዋሪ 2025 ለፓርላማ የቀረበው የወንጀልና የፖሊስ ሕግ ደግሞ በተከለለ የሰልፍ አካባቢ ፊት መሸፈንን ራሱን ወንጀል የሚያደርግ አንቀጽ ይዟል፤ ለጤና፣ ለሃይማኖትና ለሥራ ካልሆነ በቀር። ከሰልፉ በፊት ባለው ሳምንት ይህ አንቀጽ ያለበትን ደረጃ ጠበቃችሁን ጠይቁና ለሰው ንገሩ። ለእነዚህ ሰዎች የተሻለው መንገድ በቀጥታ የሚያስተላልፉትን የእኛን ዩቲዩበሮች አስቀድሞ ማነጋገር ነው፦ ካሜራው መድረኩንና ባነሩን ያሳይ፤ ሕዝቡን ከጀርባ ይቅረጽ። ለቀራጮቹም አንድ ነገር ልበል፦ የ2023ቱ ሕግ አንቀጽ 17 ሰልፍ የሚታዘብን ወይም የሚዘግብን ሰው ለመከልከል ብቻ ሲባል የፖሊስ ሥልጣን መጠቀምን ይከለክላል። አንቀጹን በቃላቸው ይያዙት።

ጠያቂ፦ ኪልበርን

እግዜር ይስጥልን። ማሳወቂያውን አስገባን፤ ደረሰኙም መጣ። ነገር ግን ፖሊስ በስልክ ስብሰባ ጠርቶን «ከኤምባሲው አትነሱ፤ ናይትስብሪጅ ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ይስተጓጎላል። አንድ ቦታ ቆማችሁ፣ በአጥር ውስጥ፣ ለሁለት ሰዓት ብቻ» አለን። በኢሜይል «እንስማማለን» ብለን እንድንመልስ ጠይቀውናል። የኮሚቴው ግማሽ እንስማማ ብሏል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ቴምዝ ዳር

«እንስማማለን» ብላችሁ አትጻፉ። ዝም ብላችሁም አትቅሩ። የስልክ ምክር ቅድመ ሁኔታ አይደለም። አስቀድሞ የሚጣል ቅድመ ሁኔታ በፖሊስ አዛዡ ወይም እሱ በወከለው ከፍተኛ መኮንን ስም በጽሑፍ መምጣት አለበት። ሰልፍን ጨርሶ መከልከል ደግሞ ሌላ አንቀጽ ነው፤ አንቀጽ 13። ለዚያ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ይሁንታ ያስፈልጋል። ስለዚህ በስልክ የነገራችሁ ሰው ጥያቄ እያቀረበ ነው፤ እናንተ በኢሜይል ስትስማሙለት ግን የራሳችሁ ዕቅድ ይሆናል፤ በኋላ ፍርድ ቤት የምትሞግቱት ውሳኔ አይኖርም።

ዛሬውኑ የሚላክ ኢሜይል ጻፉ። ይዘቱ ይህን ይመስላል፦ በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት ባደረግነው ውይይት ከኤምባሲው እንዳንንቀሳቀስ ሐሳብ አቅርባችኋል። ያሳወቅነው መንገድ አሁንም የጸና ነው። ቅድመ ሁኔታ ለመጣል አስባችሁ ከሆነ በየትኛው አንቀጽ፣ በየትኛው መኮንን ውሳኔ፣ ይደርሳል ያላችሁት ከባድ መስተጓጎል ምን እንደሆነ፣ አንቀጽ 10 እና 11ን እንዴት እንደመዘናችሁ በጽሑፍ እስከዚህ ቀን አሳውቁን። ከዚያ በራሳችሁ በኩል የምታቀሉትን ጨምሩ፦ በናይትስብሪጅ የመንገዱን ግማሽ ብቻ ይዘን እናልፋለን፤ ለአምቡላንስ እንከፍታለን፤ ከቀትር በፊት እንነሳለን። ይህ ሁለተኛው ክፍል ከመጀመሪያው ባልተናነሰ ይጠቅማችኋል። ዳኛ ፊት የሚቀርበው ጥያቄ ገደቡ ተመጣጣኝ ነበር ወይ የሚል ነው፤ አማራጭ ያቀረበ አዘጋጅ የተሻለ ቦታ ላይ ይቆማል።

«ገበያ ይስተጓጎላል» ለሚለው መልስ አላችሁ። መንግሥት በጁን 2023 ባወጣው ደንብ ከባድ መስተጓጎል ማለት ከጥቂት ከፍ ያለ ማለት ነው ብሎ ደንግጎ ነበር። ይህንኑ ሐሳብ የጌቶች ምክር ቤት በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ውድቅ አድርጎት ነበር፤ መንግሥት ግን ፓርላማው ሊያሻሽለው በማይችለው ደንብ መልሶ አመጣው። ሊበርቲ የተባለው የመብት ድርጅት ከሰሰ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በሜይ 21 ቀን 2024 የያኔዋ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ከሥልጣናቸው ውጭ ነው የሠሩት ብሎ ወሰነ፤ ይግባኝ ሰሚውም በሜይ 2025 የመንግሥትን ይግባኝ ሳይቀበል ቀረ። ስለዚህ በአንቀጽ 12 እና 14 ላይ ፖሊስ ማሳየት ያለበት በእርግጥ ከባድ የሆነ መስተጓጎልን ነው። ነገር ግን አትምታቱ፦ ይህ ዝቅ ያለ መስፈሪያ በ2023ቱ ሕግ ውስጥ ላሉት ወንጀሎች፣ ራስን ለማሰርና ለመሳሰሉት፣ አሁንም እንዳለ ነው። ፌስቡክ ላይ «ሕጉ ተሽሯል» የሚሉት ይህን ሳይለዩ ነው፤ ሰው ያሳስታሉ።

መልስ፦ ሐመልማል

በቴምዝ ዳር ላይ አንድ ልጨምር። ቅድመ ሁኔታው በጽሑፍ ቢመጣ ቃል በቃል አንብቡት። ቦታው በካርታ ተለይቷል? ሰዓቱ ከስንት እስከ ስንት ነው? በኦክቶበር 2023 የአየር ንብረት ተሟጋቿ ግሬታ ተንበርግና ሌሎች አራት ሰዎች ፓርክ ሌን ባለ ሆቴል ፊት አንቀጽ 14ን ጥሳችኋል ተብለው ተከሰው ነበር። ዳኛው በፌብሩዋሪ 2024 የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ እንዳበቃ ክሱን ዘጉት፤ የፖሊሱ ትእዛዝ ሰው የት መቆም እንዳለበት በግልጽ አላሳየም ነበር።  ስለዚህ ያልገባችሁን በኢሜይል መልሳችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም አስቀምጡ። ይህ ማለት ግን ግልጽ ያልሆነውን ትእዛዝ መንገድ ላይ ናቁት ማለት አይደለም። እናቶችና ሕፃናት ባሉበት፣ በዕለቱ ታዘዙ፤ ሙግቱን ከነማስረጃው ሰኞ ጀምሩት።

ፍርድ ቤት ለመሄድ ካሰባችሁ ጊዜው አጭር ነው። የአስተዳደር ውሳኔ የሚሞገተው ወዲያው፣ ቢበዛ በ3 ወር ውስጥ ነው። ሰልፉ ከመድረሱ በፊት የፖሊሱን ውሳኔ ለማስቆም ደግሞ በቀናት ውስጥ አስቸኳይ ማመልከቻ ይገባል። በኦክቶበር 2019 ፖሊስ ኤክስቲንክሽን ሪቤሊየን የተባለውን የአየር ንብረት ተሟጋቾች ቡድን ሰልፍ ከለንደን ሁሉ አስወግዶት ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ሕገወጥ ነው ያለው ኖቬምበር 6 ላይ፣ ሰልፉ ካበቃ በኋላ ነው። ድሉ ድል ነው፤ ለቀጣዩ ሰው ያገለግላል፤ የዚያን ሳምንት ሰልፍ ግን አይመልስም። ጠበቃውን ዛሬ ደውሉለት፤ ቅድመ ሁኔታው እስኪመጣ አትጠብቁ።

ሰው «ዚግለር አለን» ሲልም ሰምታችሁ ይሆናል ብዬ ነው፦ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁን 2021 የወሰነው ያ ጉዳይ፣ መንገድ የዘጋ ሰላማዊ ሰልፈኛም ሕጋዊ ምክንያት ሊኖረው እንደሚችል አጽንቷል። ትልቅ ውሳኔ ነው። ከዚያ ወዲህ የወጡ ፍርዶች ግን አጥብበውታል፤ ለሁሉም ክስ አይሠራም። መንገድ ላይ ለመቀመጥ የማበረታቻ ወረቀት አድርጋችሁ አታንብቡት።

መልስ፦ ቀበና ልጅ

ሕጎቹን ራሳቸውን ለመቃወም የምትፈልጉ ከሆነ፣ ሰልፉ ላይ አንድ ጠረጴዛ አዘጋጁ። ሰው ሁሉ ለየራሱ የፓርላማ አባል የሚልከው ደብዳቤ እዚያ ይጻፍ። የፓርላማ አባል የሚመልሰው ለመረጠው ወረዳ ነዋሪ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሙሉ አድራሻና ፖስትኮድ ያስፈልጋል። 300 ሰው አንድ ዓይነት ጽሑፍ ቢልክ እንደ አንድ ይቆጠርበታል። አንድ ገጽ፣ አንድ አንቀጽ፣ አንድ ምሳሌ ይበቃል። ለምሳሌ ፊት የመሸፈኑን አንቀጽ ይዞ፣ አገር ቤት ባለ ቤተሰቡ ላይ በቀል የሚፈራ ስደተኛ ለምን ፊቱን እንደሚሸፍን የሚያስረዳ ደብዳቤ። ይህን ከእኛ በቀር በደንብ ሊጽፈው የሚችል ሰው ጥቂት ነው። የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴም በረቂቅ ሕጎች ላይ የጽሑፍ አስተያየት ሲጠራ ማንም ሰው ማስገባት ይችላል፤ ስም እንዳይታተም መጠየቅም ይቻላል።

ኪልበርን፣ ኢሜይሉን ከመላካችሁ በፊት እዚህ ለጥፉት፤ ስምና አድራሻውን አጥፍታችሁ። ዛሬ ማታ እናየዋለን።